አምስተኛው መንገደኛ

ሰውን ማወቅ ከፈለግህ አብረኸው ብላ፣ ገንዘብ አበድረው፣ ወይም ሩቅ መንገድ አብረኸው ሂድ ይባላል። ሦስቱም ጥሩ ፈተናዎች ናቸው፤ ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃሉ። ከሦስቱም የሚቀድም፣ ወጪው አነስተኛ፣ ውጤቱ ግን የማይዋሽ አንድ ሌላ ፈተና አለ። ከሰው ጋር ጉዞ ማቀድ! መጓዝ አላልኩም፤ ማቀድ ነው ያልኩት። አንድ ካርታ፣ አንድ እስክሪብቶና «በስንት?» የምትል አንዲት ቃል ከተገኙ ይበቃል። ሃያ ዓመት የምታውቁት ወዳጃችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ።

«ይሄ ደግሞ ምን ፍልስፍና አለው? የጉዞ ወኪል ሥራ አይደል እንዴ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ወዳጆች ተሰብስበው «የት እንሂድ? መቼ እንሂድ? በስንት እንሂድ?» ሲሉ፣ ሳያስቡት ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ። አቅማቸው እኩል ያልሆነ ሰዎች አንድን ነገር በጋራ ሲያደርጉ ፍትሕ ምን ይመስላል? ስጦታስ መቼ ነው ፍቅር የሚሆነው፣ መቼስ ነው ሸክም የሚሆነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ «እኛ» ስንል እነማንን ቆጥረን ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ወዳጆች ነን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ከተማ አብረን ተምረናል። ከሕንድ ጋር የነበረን ትውውቅ ግን ከዚያ የቀደመ ነው፤ ከደቡብ ሕንድ፣ በተለይም ከኬረላ የመጡ መምህራን በንጉሡም በደርጉም ዘመን ለስንቱ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዳስተማሩ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሃይደራባድ ባሕር የላትም። እኛም ባሕር ከሌለው አገር ነው የሄድነው። የሕንድን ካርታ ዘርግተን «አንድ ቀን ይችን የባሕር ዳር መንገድ እስከ ጫፏ እንወርዳታለን» እየተባባልን፣ የተማሪ ኪስ እስከ ባሕር አላደርስ ብሎን፣ ተምረን ተመለስን። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። ዛሬ አንዱ ቨርጂኒያ ነው፤ አንዱ ዱባይ ይነግዳል፤ አንዱ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ አራተኛው ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዳችን በስልክ «ያቺ መንገድስ?» አለ። ዕቅዱም በዚያው ተጀመረ።

መንገዷ ይህችን ትመስላለች። መነሻዋ ቼናይ ናት፤ ስሟ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቀየረው የድሮዋ ማድራስ። ከዚያ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ዳር፣ የአገሬው ሰው «ኢስት ኮስት ሮድ» በሚላት መንገድ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ ማሃባሊፑራም ይገኛል። የፓላቫ ነገሥታት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቆሙት የግራናይት ቤተ መቅደስ ማዕበሉ አጠገብ ቆሟል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉት መቅደሶች አሉ። ላሊበላን ያየ ሰው እነዚህን ሲያይ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። ከቼናይ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ እስከ 1954 በፈረንሳይ እጅ የነበረችው ፑዱቼሪ አለች። ዝቅ ሲሉ ታራንጋምባዲ ነው። ዴንማርኮች በ1620 ምሽግ የሠሩባት፣ በ1706 የደረሰው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዚገንባልግም ሐዲስ ኪዳንን በታሚል ቋንቋ ያሳተመባት ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ ናጋፓቲናም፤ ከዚያ የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት አብዱል ካላም የተወለዱባት የራሜስዋራም ደሴት፤ በመጨረሻም ሦስት ውኃዎች የሚገናኙባት የምድሪቱ ጫፍ፣ ካንያኩማሪ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስምንት ቀን ይበቃል ተባለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» ነበር። ይሄኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የታሚል ናዱ ዋናው ዝናብ እንደ ቀሪው ሕንድ በክረምታችን አይደለም የሚመጣው፤ በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አንዳንዴም ማዕበል ይዞ። ከሚያዝያ በኋላ ሙቀቱ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ከሚያዝያ 15 እስከ ሰኔ 14 ድረስ፣ ዓሣ እንዲራባ ተብሎ በምሥራቁ ዳርቻ በሞተር ትላልቅ ጀልባዎች ማጥመድ በየዓመቱ ለ61 ቀን ይከለከላል። ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ ማጣት ነው። ጥር ደግ ወር ነው፤ ግን በጥር አጋማሽ ፖንጋል የተባለው የመኸር በዓላቸው አለ፤ አገሩ ሁሉ ወደየዘመዱ ስለሚሄድ መንገዱም ማደሪያውም ይጨናነቃል። የእኛው ጥምቀትም እዚያው አካባቢ ነው፤ ከአራታችን አንዱ ያለ ጥምቀት ዓመቱ የተቆጠረ አይመስለውም። ተወያየን፤ ከሁለቱም በዓላት በኋላ ተባለ። ማንም አልተከፋም። ስለ ጊዜ ስንነጋገር ሁላችንም እኩል ነን። ቀን ለሁሉም ሃያ አራት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። «በስንት?»

የዱባዩ ወዳጃችን ነጋዴ ነውና ሠንጠረዥ ሠራ። መኪና፣ ነዳጅ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የመግቢያ ክፍያ፤ ድምር፤ ሲካፈል ለአራት። የቨርጂኒያው ደግሞ «ከእንግዲህ ስንት ዓመት ልንጓዝ ነው? መስኮቱ ባሕር ላይ የሚከፈት ሆቴል እንያዝ እንጂ!» አለ። የተናገረው በፍቅር ነው፤ አንዳችም ክፋት የለበትም። የክፍለ ሀገሩ መምህር ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት ላከ፦ «እናንተ ሂዱ፤ እኔን ዘንድሮ ሥራ ይዞኛል።»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ እንደሆነም እናውቃለን። ሠንጠረዡ ላይ ለሦስታችን አንድ ቁጥር የሆነው ለእሱ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ግን «የለኝም» አላለም። ይሉኝታ ያዘው። «የለኝም» ማለት በእኛ አገር ስለ ኪስ የሚነገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራስ የሚሰጥ ምስክርነት ይመስላል። አብረን አንድ ዳቦ ስንካፈል ለነበርን ሰዎች ይህን ማለት ለማያውቁት ሰው ከማለት ይበልጥ ይከብዳል። እንግዳ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የኢ. ኤም. ፎርስተርን «ኤ ፓሴጅ ቱ ኢንዲያ» ከተማሪዎች ጋር ስናነብ ይኸው ነገር ይገጥመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የታተመው ይህ ልቦለድ መሐል ላይ አንድ የከሸፈ ሽርሽር አለ። ዶክተር አዚዝ እንግሊዛውያን እንግዶቹን ቤቱ እንዲጋብዝ ሲጠበቅበት፣ ቤቱ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ «ወደ ማራባር ዋሻዎች እንሂድ» ይላል። ቤቱን ለመደበቅ ሲል ከአቅሙ በላይ የሆነ ጉዞ ያቅዳል። ባቡር፣ ምግብ፣ አገልጋይ፣ ዝሆን ሳይቀር! ከዚያ በኋላ የሚመጣው መከራ የታወቀ ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚከራከሩት ዋሻው ውስጥ ምን ተፈጠረ በሚለው ላይ ነበር። እኔ ግን የመጽሐፉ ቁስል የሚጀምረው ከዋሻው በፊት፣ ሰውየው በቤቱ ባፈረባት ቅጽበት ይመስለኛል። ከኀፍረት የተወለደ ዕቅድ መጨረሻው አያምርም። አዚዝ ከአቅሙ በላይ አቀደ፤ የእኛ መምህር «ሥራ ይዞኛል» አለ። ሁለቱም የሚሸሹት አንዲት ቃል ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ሁሉም እኩል ይክፈል የሚለው ነው። ሠንጠረዡ ያለው ይህንን ነው። ላይ ላዩን ፍትሕ ይመስላል። ግን እኩል ክፍያ እኩል ሸክም አይደለም፤ ለአንዱ የአንድ ቀን ገቢ የሆነው ለሌላው የዓመት ቁጠባ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል አንድ ሎሚ ለሁሉም እኩል እንደሚከብድ ታስቦ ነው። ለታመመ ሰው አንድ ሎሚም ይከብዳል።

ሁለተኛው ያለው ለሌለው ይክፈል የሚለው ነው። የቨርጂኒያው ወዳጃችን ወዲያው «ዝም ብሎ ይምጣ፤ እኔ እችለዋለሁ» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ያደርገዋልም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «በቃ፣ ምን ቀረ?» እንላለን። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት ያለብን ባይ ነኝ። ስምንት ቀን የተከፈለለት ሰው «ዛሬ ደክሞኛል፣ እዚሁ እንደር» ማለት ይችላል? «ይሄ ምግብ ቤት አልተመቸኝም» ማለት ይችላል? ከፋዩ ጋር በፖለቲካ ተከራክሮ፣ ጮኾ፣ ተናዶ፣ ማታ አብሮት ሊስቅ ይችላል? ካልቻለ የተከፈለለት ጉዞው ሳይሆን ድምፁ ነው። ስለ ስጦታ አንድ መለኪያ ስጡ ብባል የምሰጠው ይህንን ነው፦ ጥሩ ስጦታ ማለት ተቀባዩ ከተቀበለ በኋላም መነጫነጭ የሚችልበት ስጦታ ነው። እናት ያበላችው ልጅ «ወጡ ጨው በዛበት» ይላል። እንግዳ አይልም።

አርስቶትል ከአሥሩ የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መጻሕፍት ሁለቱን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን፣ ለወዳጅነት የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እኩል ያልሆኑ ሰዎችም ወዳጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ግን ልዩነቱ እጅግ ከሰፋ ወዳጅነቱ ራሱ እንደሚቋረጥ ያስጠነቅቃል። የሰፋውን ልዩነት የምናጠብበው በእጃችን ባለው ነገር ነው። አንዱ ዕቅድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ እንግዲህ ዕቅዱን ከታች መጀመር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ የማኅበረሰብን ሕግ ስታወጡ ሀብታም ሁኑ ድሃ፣ ጤነኛ ሁኑ በሽተኛ እንደማታውቁ አድርጋችሁ አውጡት ይላል በደምሳሳው። ለአንድ ትልቅ አገር ሕገ መንግሥት የታሰበ ነው። እኔ ለአንድ መኪና ጉዞም ይሠራል እላለሁ። ከአራቱ ኪሶች የትኛው የእናንተ እንደሚሆን ሳታውቁ ሆቴል ምረጡ ብትባሉ፣ ባሕር ላይ የሚከፈተውን መስኮት ትመርጡ ነበር?

እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ ለመድረስ ሮልስ አያስፈልገንም። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዕቁቡ መጠን የሚወሰነው በጣም ባለጸጋው በሚችለው ልክ አይደለም፤ ሙሉው ዕጣ የከበደውም ግማሽ ዕጣ ይገባል። ግማሽ ዕጣ የገባ ሰው ግማሽ ሰው ነው ያለ ዳኛ አልሰማሁም። ስለዚህ ከአራታችን እያንዳንዱ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ለአንድ ሰው ብቻ በምሥጢር እንዲነግር ተስማማን። ዕቅዱ የሚሠራው በትንሿ ቁጥር ላይ ነው። የትንሿ ቁጥር ባለቤት ማን እንደሆነ ሁላችንም ብንገምትም፣ አልተነገረም። ያልተነገረ ነገር በእኛ ባህል ዋጋ አለው፤ ይሉኝታ አንዳንዴ እንዲህ ለደግ ነገርም ይውላል። የባሕሩ መስኮት ቀረ፤ አንድ ቀን ተቀነሰ፤ ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና ሳምባር በሚቀርብበት የመንገድ ዳር ቤት ሆነ። መምህሩ ሥራው ቀለል አለለት።

ተቃውሞ አልጠፋም። «ለፍቼ ያገኘሁትን ገንዘብ ለምን አልደሰትበትም?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ይደሰትበት ነው። በዓመት ሃምሳ ሌላ ሳምንት አለለት። ይችን አንዲት ሳምንት ግን የፈለጋት ለአልጋው ነው ወይስ ለእኛ? አልጋውን ከፈለገ ብቻውን ቢመጣ ይሻለዋል፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል። እኛን ከፈለገ ግን ሁላችንም የምንተኛበትን አልጋ መልመድ ነው።

የመንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ካንያኩማሪ ካለው ባሕር መሐል ዓለት ላይ፣ አንድ ግዙፍ ሐውልት ቆሟል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2000 የተመረቀው የጥንታዊው የታሚል ባለቅኔ የቲሩቫሉቫር ሐውልት ነው። ከነመቆሚያው 133 ጫማ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ «ቲሩኩራል» የተባለው ሥራው 133 ምዕራፎች ስላሉት ነው። በየምዕራፉ አሥር አሥር ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም፤ በድምሩ 1,330። መቆሚያው 38 ጫማ የሆነው ስለ ምግባር የሚናገሩት ምዕራፎች 38 ስለሆኑ ነው። የቀሩት 95 ጫማዎች ስለ ሀብትና አስተዳደር፣ እንዲሁም ስለ ፍቅር የሚናገሩት ናቸው። ምግባር መሠረት ነው፤ ሌላው ሁሉ እላዩ ላይ ይቆማል እንደማለት።

እኔን ያስገረመኝ ግን ወዳጅነት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ባለቅኔው ስለ ወዳጅነት አምስት ተከታታይ ምዕራፎች አሉት፤ ከ79ኛው እስከ 83ኛው። አንዱ ምዕራፍ በሙሉ ሰውን ወዳጅ ከማድረግ በፊት ስለ መመርመር፣ አንዱ ስለ ቆየ ወዳጅነት፣ አንዱ ስለ አስመሳይ ወዳጅ ነው። እነዚህን አምስት ምዕራፎች ስለ ፍቅር በሚናገረው ክፍል አልከተታቸውም። ስለ ምግባር በሚናገረው ክፍልም አይደለም። ስለ ሀብትና ስለ አስተዳደር በሚናገረው ክፍል ውስጥ፣ ከንጉሡና ከግምጃ ቤቱ ጎረቤት ነው ያስቀመጣቸው። ምን ማለቱ ነው? ሊቃውንቱ የራሳቸው መልስ ይኖራቸዋል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ወዳጅነት ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፍቅር ጋር በመዘመር ያልቅ ነበር። ግን አስተዳደር ይፈልጋል፤ ማን ምን ይከፍላል፣ ማን መቼ ይናገራል፣ ማን ተረስቷል የሚል። «በወዳጆች መካከል ሒሳብ የለም» የሚለው አባባል የሚጥመው ብዙውን ጊዜ ለባለ ትልቁ ኪስ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን «ማን ተረስቷል?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተነሳ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ሕንድ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በዚያ ላይ ላሙም፣ ሞተር ብስክሌቱም፣ አውቶቡሱም መንገዱን ይጋራሉ። ስለዚህ መኪና የሚከራይ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከነሾፌሩ ነው የሚከራየው። አንድ ኢኖቫ፣ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል፣ ለሾፌሩ ደግሞ «ባታ» የሚሏት የቀን አበል። ሠንጠረዡ ላይ ይህች አበል በአንድ መስመር ተጽፋለች። ዕቅዱ አልቆ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ሳለ፣ የክፍለ ሀገሩ መምህር ጠየቀ። «ሾፌሩስ የት ነው የሚያድረው?»

ሠንጠረዡ ላይ አልጋ የተቆጠረው ለአራት ነው። በመኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ግን አምስት ናቸው።

የዱባዩ ወዳጃችን መልስ ነበረው። «ልማዳቸው ነው፤ መኪናው ውስጥ ይተኛሉ። አበሉም ለዚያ ነው።» እውነቱን ነው፤ እዚያ አገር ብዙ ሾፌሮች መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ። አንዳንድ ሆቴሎች ለሾፌር የሚሆን የጋራ ክፍል አላቸው፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ግን «ልማዳቸው ነው» የምትል ቃል ምን ያህል ነገር እንደምትሸፍን አስቡ። የእኛም አገር የቤት ሠራተኛ ወጥ ቤት ጥግ መተኛቷ ልማድ ነው። ልማድ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቅ የቆየ ነገር ማለት ነው። ሰውየው መኪና ውስጥ መተኛትን መርጦ አበሉን ለልጆቹ መያዝ ይፈልግ ይሆናል፤ ያ የእሱ ምርጫ ነው፣ ይከበራል። ግን ምርጫ የሚሆነው አልጋ ከቀረበለት በኋላ ነው። አልጋ ሳይቀርብለት «መኪናውን መረጠ» ማለት፣ መምህራችንን «ሥራውን መረጠ» እንደማለት ነው።

ጥያቄውን የጠየቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ሦስታችን አይደለንም። ድሃ ሁሉ ደግ ነው የሚል ተረት አልነግራችሁም፤ እንደዚያ አይደለም። ግን ሰው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ፣ ከጠረጴዛው ውጪ የቆመውን ማየት ይቀለዋል። መሐል የተቀመጠው የሚያየው ሳህኑን ነው። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይባል የለ? መምህሩ በይሉኝታ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እኛ አንድ ወዳጅ ብቻ አይደለም የሚጎድለን፤ አንድ ዐይንም ጭምር ነው።

«በደንብ ያልተኛ ሾፌር አደጋ ነው፤ ለራሳችን ስንል እናስተኛው» ያለም ነበር። ትክክል ነው፤ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አልጋ የሚሰጠው ሰው ከጎማ አይለይም። ጎማም ለራሳችን ስንል እንነፋለን። አልጋው የሚገባው አብሮን ስለሚጓዝ ነው። ሠንጠረዡ ላይ አምስተኛ ዓምድ ተጨመረ፤ ሒሳቡም እንደተፈራው አልሆነም። ከባሕሩ መስኮት ጋር ሲነጻጸር የሾፌር አልጋ ኢምንት ነው።

ያ አካባቢ ይህን የማሰቢያ ምሳሌ አያጣም። የአብዱል ካላም አባት ራሜስዋራም ላይ ጀልባ ነበራቸው፤ ሙስሊም ሆነው የሂንዱ ምዕመናንን ያመላልሱ ነበር። ያን ጊዜ የተሻገረው ሁሉ ቤተ መቅደሱን አስታውሶ ይሆናል፤ ጀልባውን የያዘውን ሰው ስም ስንቱ ጠየቀ? ልጁ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የጀልባ ባለቤት ልጁ ፕሬዚዳንት ባይሆንም ስሙ መጠየቅ ነበረበት።

ቆጠራው ሾፌሩ ላይም አያበቃም። ለእኛ «ባሕር ዳር» የሆነው አሸዋ ለዓሣ አጥማጁ የሥራ ቦታ ነው፤ መረቡን የሚጠግንበት፣ ሚስቱ ዓሣ የምታሰጣበትና የምትሸጥበት። ማለዳ ካሜራ ይዞ እዚያ መቆም፣ ሰው ቢሮ ውስጥ ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው። ናጋፓቲናም ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በደረሰው ሱናሚ ከታሚል ናዱ ሁሉ ክፉኛ የተመታው ወረዳ ነው፤ በዚያ ብቻ ከ6 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ወደ ምድሪቱ ጠርዝ ሲቀረብ ያለችው ዳኑሽኮዲ በታኅሣሥ 1964 በመጣ ማዕበል በአንድ ሌሊት ፈርሳ ቀርታለች፤ ከ100 በላይ ሰው የጫነ ባቡር ከነተሳፋሪዎቹ ባሕር በላው። እ.ኤ.አ. በ2017 መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ፍርስራሹን ለማየት የሚሄደው ብዙ ነው። ቲኬት ሳይቆርጡ የተሳፈሩ ነበሩና የሞቱት ትክክለኛ ቁጥር አይታወቅም ይባላል። ሞተውም ያልተቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው። «እንለፈው፣ ያስጨንቃል» የሚልም፣ «ፎቶ እንነሳ» የሚልም ከእኛው መሐል ተገኝቷል። የተስማማነው ካሜራውን መኪና ውስጥ ትተን ትንሽ እንድንቆም ነው። ምናልባት ለሟቾቹ ምንም አይጠቅማቸውም። ለቆሙት ግን ይጠቅማል።

«ይሄን ያህል ከታሰበማ ጉዞው ምኑን ጉዞ ሆነ? ዝም ብለን እንነሳ፣ መንገዱ ይምራን!» የሚሉ አሉ። እወዳቸዋለሁ፤ መንገድ ላይ የሚገኘው ሁሉ በዕቅድ አይገኝም። በፎርስተር ልቦለድም ፕሮፌሰር ጎድቦሌ ጸሎቱ ረዝሞበት ባቡሩ ያመልጠዋል፤ የትኛውም ሠንጠረዥ ጸሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አይናገርም። ቀኖች ክፍት ይሁኑ፤ መንገዱም ይቀያየር፤ ዝናብ ከጣለም ሻይ እየጠጡ መቀመጥ ነው። ክፍት መተው የሌለበት የሰዎቹ ነገር ነው። «ዝም ብለን እንነሳ» የሚለው ሰው ባዶ ኪስ ይዞ የሚያድርበት ያጣበት ቀን ብዙም የለውም።

ዕቅዱ እንግዲህ እዚህ ደርሷል። ጉዞው ሊሳካም ላይሳካም ይችላል፤ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ለእናንተ የማነሳው ግን ከሕንድ ባሕር የቀረበ ነገር ነው። ሠርግ ስታቅዱ፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር ስታዋጡ፣ የልጆች ምርቃት ስትደግሱ፣ አንድ ሠንጠረዥ በእጃችሁ ይገባል። ድምሩን ከማየታችሁ በፊት ስሞቹን እዩ። ማን ዝም አለ? ማን «ሥራ ይዞኛል» አለ? የሚያደርሳችሁ፣ የሚያበስልላችሁ፣ በሩን የሚጠብቅላችሁ ሰው በየትኛው መስመር ላይ ነው የተጻፈው? ከሰው መሐል ነው ወይስ ከነዳጁ ጋር?

እስቲ ሠንጠረዡን አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ ቁጠሩት።